ደም ያልነካው ጣሳ

ዶሪን ፓቭሊክ የተገደለችው በገዛ ቤቷ ምድር ቤት ውስጥ፣ አንድን ሰፈር ክረምቱን በሙሉ ሊያጠግብ በሚችል ምግብ መሃል ነው።

መርማሪ ግሌንዳ ስትሮም የምድር ቤቱን ደረጃ ስትወርድ መጀመሪያ አፍንጫዋን የመታት የልብስ ሳሙና ሽታ ነበር። የደሙ ሽታ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ ቆሟል። በአንደኛው ግድግዳ ሳሙና፣ ሻምፖ፣ የመጸዳጃ ወረቀት፤ በሌላኛው ፓስታ፣ ሩዝ፣ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ የታሸገ ቲማቲም። ሁሉም ፊቱን ወደ ሰው አዙሮ ተሰልፏል። ዶሪን ይህን ሁሉ የሰበሰበችው ከእሁድ ጋዜጣ በምትቆርጣቸው ኩፖኖች ነው፤ በሃርገን ፎልስ ከተማ የጎማ ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ግማሹን ሰው ኩፖን አቆራረጥ ያስተማረችው እሷ ናት።

አሁን ወለሉ ላይ በጀርባዋ ተንጋላለች። የራስ ቅሏ የግራ ጎን ወደ ውስጥ ሰርጉዷል፤ አንድ ዓይኗ አልተከደነም። የመታት እጅ አንዴ መትቶ የረካ እጅ አልነበረም። ደሙ በጣሳዎቹ ላይ፣ በሩዙ ከረጢቶች ላይ፣ በአምፖሉ ገመድ ላይ ሳይቀር ተረጭቷል። ከጭንቅላቷ ስር ግን የታጠፈ የወንድ ጃኬት ተነጥፎላታል።

«ጃኬቱ የማን ነው?» አለች ግሌንዳ።

«የጋዜጣ አዳዩ፣ የሌስተር ሁፕ» አለ ዳሞን፤ ገና ጢሙ በቅጡ ያልጠነከረ የሥራ ባልደረባዋ ነው። «የጫማው ዱካም ደሙ ውስጥ አለ። ልጇ ራንዴል የሌስተርን መኪና ከበሯ ተፈትልኮ ሲወጣ አይቶታል። አለቃ፣ ይሄ ነገር እስከ እራት የሚቆይ አይመስለኝም።»

«እዚህ ምን ሊያደርግ መጣ?»

«ከጋዜጣው መሃል የኩፖኑን ቅጠል እየሰረቀ ይሸጥላት ነበር ይላሉ። በዚያ ተጣልተው ይሆናል።»

«ገድሏት ሲያበቃ ትራስ ያደርግላታል?»

«ጸጸት ይሆናላ! ከዚሁ ቤት የደወለውም ወንድ ነው። ‹ሴትዮዋ እየሞተች ነው፣ ድረሱ› ብሎ ስልኩን ጥሎታል። አምቡላንሱ ሲደርስ ትንፋሽ ነበራት፤ ሳያነሷት አለፈች።»

ግሌንዳ በቲማቲሙ መደርደሪያ ፊት ቆማለች። በየረድፉ የፊተኛው ጣሳ ላይ ደም ተፈናጥቋል። በመሃል አንድ ረድፍ ብቻ፣ ግራ ቀኙ በደም ተነቁጦ ሳለ፣ የፊተኛው ጣሳ ንጹሕ ነው። ጫፉ ላይ ብቻ የጣት የመሰለ ቀይ ጭረት አለ።

«ይሄን ፎቶ አንሳው» አለችው።

«ምኑን?»

«ምንም የሌለበትን።»

ዳሞን ትከሻውን ሰብቆ አነሳ። ግሌንዳ ራሷም ለምን እንዳዘዘችው በውል አልገባትም ነበር፤ ነገሩ ዓይኗ ውስጥ እንደ ጉድፍ ገብቶ ቆረቆራት።

«የተመታችበት ዕቃስ?»

«የለም። ሐኪሙ መዶሻ ወይም የቧንቧ ብረት ሳይሆን አይቀርም ይላል። ይዞት ሄዷል።»

«ራንዴልስ የት ነው?»

ዳሞን ዙሪያውን ቃኘ። «አሁን እዚህ በር ላይ ነበር…»

ግሌንዳ ደረጃውን እየዘለለች ወጣች።

ሌስተር ሁፕ የሚኖረው ከወንዙ ማዶ፣ ጎማ ባላቸው ተጎታች ቤቶች ሰፈር ነው። ከሩቅ የሴት ጩኸት ሰሙ፤ ጎረቤቶቹ ውጭ ቆመው ይጮኻሉ እንጂ የሚጠጋ የለም። የሌስተር በር ከማጠፊያው ተገንጥሎ ሣሩ ላይ ወድቋል።

ራንዴል ፓቭሊክ በሩን የሚሞላ ሰው ነው። ሌስተርን በአንድ እጁ በኮሌታው አንጠልጥሎ፣ በሌላው የመኪና ጎማ መፍቻ ብረት ይዞ ያወርድበታል። የሌስተር ፊት ፊት መሆኑ ቀርቷል። ጥርሶቹ ሸሚዙ ላይ ተበትነዋል፤ አንድ ክንዱ ከክርኑ በታች ወደማይታጠፍበት ታጥፏል። መከላከሉን ትቶ እንደ ሕፃን ያቃስታል።

«ራንዴል! ጣለው!» ብላ ጮኸች ግሌንዳ።

«እናቴን!» አለ ራንዴል፤ መልሶም መታው። የሆነ ነገር ሲሰበር ተሰማ። «የኔን እናት! ቡናዋን እየጠጣህ! ኬኳን እየበላህ!»

ዳሞን ከኋላ ተጠመጠመበት። ራንዴል በክርኑ አፍንጫውን ብሎት ወደ ምድጃው ወረወረው። ግሌንዳ ዱላዋን መዝዛ ብረቱን የያዘውን የእጅ አንጓ ባላት ኃይል መታችው። አጥንቱ ቀጭ አለ፤ ብረቱ ወለሉ ላይ ተንኳኳ። ራንዴል ግን በግራ እጁ የሌስተርን ጉሮሮ ያዘ። ሁለተኛውን የሰነዘረችው በጉልበቱ ላይ ነው፤ ያኔ ወደቀ። ሲወድቅም ማልቀስ ጀመረ።

«ልቀቁኝ፣ ልጨርሰው» እያለ ወለሉ ላይ ፊቱን አሸ። «እናንተ ታስሩታላችሁ፣ ትቀልቡታላችሁ። እኔ ግን እናት የለኝም። ልጨርሰው።»

ሌስተርን ሲጭኑት በደም አረፋ መሃል አንድ ቃል ደጋግሞ ይል ነበር። የሚሰማው ሰው አልነበረም።

በማግስቱ የሆስፒታሉ ሐኪም ለግሌንዳ ነገሩን ሳያሽሞነሙን ነገራት፤ ሰውዬው አንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሷል፣ ሊነቃም ላይነቃም ይችላል። የጣቢያው አዛዥ ደግሞ ከዚህ ሌላ የሚሰማ ጆሮ አልነበረውም። «ከሞተ መዝገቡ ተዘጋ። ገዳይዋም ሞተ፣ ልጇም ታሰረ። ምን ትፈልጊያለሽ?» አላት።

የምትፈልገው ግልጽ ነበር። ሌስተር ሁፕ ሳይነቃ ቢሞት ነፍሰ ገዳይ ተብሎ ይቀበራል። ትራስ ያደረገላት ጃኬት ከአእምሮዋ አልወጣ ስላለ፣ ግሌንዳ ይህን ሰው እንዲህ አድርጎ መቅበር አልዋጥ አላት። የድንገተኛ ጥሪውም ቅጂ ከነሙሉው እንዲመጣላት አዘዘች።

የራንዴል ሚስት ክሪስታ በሩን የከፈተችው ዓይኗ አብጦ ነው። ቀጭን፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት። ሁለቱ ልጆቿ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠዋል። የወጥ ቤቷ ጠረጴዛ በተቆራረጠ ጋዜጣ ተሞልቷል፤ ሽርጧ ኪስ ውስጥ መቀስ ተሰክቷል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ጠረጴዛውን እየጠረገች። «እጄ ሥራ ሲፈታ አብዳለሁ። ለቀብሩ መቶ ሰው ይመጣል፤ ምን አበላለሁ እያልኩ…»

«ረቡዕ ከሰዓት የት ነበርሽ?»

«ሱፐርማርኬት ነበርኩ! ረቡዕ እኮ ኩፖን እጥፍ የሚሆንበት ቀን ነው። ረቡዕን ማን ይዘላል? እኔና ራንዴል አብረን ነበርን።» ከማቀዝቀዣው በር ላይ ሁለት ደረሰኝ ነቅላ ሰጠቻት። «ይሄ የኔ፣ ይሄ የሱ። እኔ እዚህ ወረድኩ፤ እሱ ለእናቱ ድርሻዋን ሊያደርስ ሄደ። ምነው አብሬው በሄድኩ ኖሮ!»

ራንዴልም ታስሮ ቃሉን ሲሰጥ ይህንኑ ብሏል። ሱፐርማርኬቱ የእግር መንገድ ነው እንዳይባል ከከተማው ጫፍ ነው። ዳሞን በኋላ ደረሰኞቹን አጣራ፤ ሁለቱም እውነተኛ ናቸው። ዶሪን በተመታችበት ሰዓት ሂሳብ የተከፈለባቸው ነበሩ።

«ከሌስተር ሌላ የሚጠላት ሰው ነበር?»

ክሪስታ ከንፈሯን ነከሰች። «ሰው ላይ ማሳበብ አልወድም… ሜቪስ ትሬንት ጠዋት ደውላ ‹ባገኝሽ እገድልሻለሁ› ብላታለች። እማማ ራሷ ናት በስልክ የነገረችኝ። ሜቪስ ደግሞ ከባድ ሴት ናት፣ በቁመናም በአፍም።»

ሜቪስ ትሬንት በእርግጥም ከባድ ሴት ነበረች። በሩን ከፍታ መታወቂያውን ስታይ ወገቧን ያዘች።

«መጣችሁ? ብያለሁ፤ አልክድም! ‹እገድልሻለሁ› ብያታለሁ። ከእንግዲህ አፌን ቆርጬ ልጣለው?»

«ከመቁረጥሽ በፊት ልግባ» አለች ግሌንዳ።

ወጥ ቤቷ ጠባብ ነው። ሜቪስ በንዴት ካሮት ትከትፋለች፤ ቢላዋው በወጣ በወረደ ቁጥር ዳሞን ዓይኑን ከእጇ ላይ አላነሳም። አፍንጫው በፋሻ ተጠቅልሎ በአፉ ነው የሚተነፍሰው።

«አንተን ምን በላህ?» አለችው ሜቪስ።

«ክርን።»

«ደግ አደረገ።» ወደ ግሌንዳ ዞረች። «ረቡዕ ዶሪን ስትገደል የት ነበርሽ ልትዪኝ አይደል? የሱፐርማርኬቱ ሥራ አስኪያጅ ቢሮ ነበርኩ። ዘበኛ ቆሞብኝ! ኩፖንሽ ሐሰተኛ ነው ተብዬ። አብረውኝ የሚዘምሩት ሴቶች ወረፋ ላይ ቆመው እያዩኝ! ጠዋት አንዴ አስጠነቀቁኝ፤ ስህተት ነው ብዬ ከሰዓት በሌላው ኩፖን ብመለስ እሱም ሐሰተኛ። ሥራ አስኪያጁን ጠይቂው፤ እስኪመሽ አላስነሳኝም።»

ዳሞን ወጥቶ ደወለ። ሲመለስ ራሱን ነቀነቀ፤ ሴትየዋ እውነቷን ነው።

«ኩፖኑን ማን ሰጠሽ?»

«ከዶሪን ክፍል ነዋ! ጀማሪ ነኝ፤ ከገባሁ ገና ጥቂት ወር ነው። በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ እሷ ታስተምራለች፣ ምራቷ ፖስታውን ታድላለች፣ እኛ ትንሽ ትንሽ እናዋጣለን። ያቺው ምራቷ ‹ለጀማሪ የሚሆን› ብላ ወፍራም ፖስታ ሰጠችኝ። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ከዶሪን የመጣ ነው ብዬ ደውዬ አወረድኩባት።»

«ዶሪንስ ምን አለችሽ?»

የሜቪስ ቢላዋ ቆመ። «ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ‹ፖስታውን እንዳትጥይው። ነገ ሁለታችን ሱቁ ዘንድ እንሄዳለን፣ ስምሽን አጸዳለሁ። ይህን ያደረገውን ዛሬውኑ አወጣዋለሁ› አለችኝ። ይቅርታ እንኳ ሳልላት ሞተች። አየሽ? ተሳድቤ ዘጋሁት፤ በቃ።»

አፍንጫዋን በክንዷ ጠረገችና ቁም ሣጥኗን ከፈተች። የባቄላ ጣሳ ከፊት አነሳች። ወዲያው በሌላው እጇ፣ ሳታየው፣ ከኋላ ያለውን ጣሳ በሁለት ጣቷ ጎትታ ባዶው ቦታ ላይ አቆመችው።

ግሌንዳ ከወንበሯ ተነሳች። «አሁን ምን አደረግሽ?»

«ምን አደረግኩ? ሾርባ ልሠራ ነው።»

«በግራ እጅሽ።»

ሜቪስ እጇን እንደ ባዕድ ዕቃ አየችው። «ውይ፣ እሱ? ልማድ ነው። ዶሪን እጃችንን እየመታች ነው ያስለመደችን። ‹ከፊት አንሱ፣ ከኋላ ሙሉ፣ ክፍተት አትተዉ።› ክፍተት ያየ ዓይን አለቀ ብሎ ይደነግጥና በሙሉ ዋጋ ይገዛል ትላለች። አሁን ሳላደርገው እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ግሌንዳ የተሞላውን ክፍተት አፍጥጣ አየች። የቲማቲሙ ረድፍ ዓይኗ ላይ መጣ። ገዳዩ ከፊት ያለውን ጣሳ አንስቶ መታት፤ ደሙ ጎረቤት ጣሳዎቹ ላይ ተረጨ። ከዚያ፣ ሴትየዋ እግሩ ስር እያጣጣረች፣ እጁ ከልማዱ ኋላ ያለውን ንጹሕ ጣሳ ጎትቶ ክፍተቱን ሞላ። ሌስተር ሁፕ የኩፖን ቅጠል ይሰርቃል እንጂ በሕይወቱ መደርደሪያ ሞልቶ አያውቅም።

«ሜቪስ፣ እንደ ጀማሪ አስተምሪኝ» አለች እንደገና እየተቀመጠች። «ረቡዕ ሱቅ ሲኬድ ምን ይደረጋል?»

ሜቪስ በዚህ ጥያቄ ፊቷ ፈካ። «መጀመሪያ፣ የማትበዪውን ኩፖን ስላለሽ ብለሽ አትገዢም፤ ጀማሪን የሚገድለው እሱ ነው። ቀጥሎ ዕቃው ቅናሽ የሚወጣበትን ሳምንት ትጠብቂያለሽ። ያኔ አንዱን ኩፖን ከፋብሪካው፣ አንዱን ከሱቁ ትደርቢያለሽ፤ ረቡዕ ሲሆን ደግሞ እጥፍ። ግን ለአንድ ሰው አራት ብቻ ነው የሚፈቀደው።»

«ከአራት በላይ ያማረውስ?»

«ባሏን ትጎትታለቻ! የኔው ከጥርስ ሕክምና ይልቅ ይጠላዋል። ባል የሌላት፣ ወይም ባሏ ብቻውን የመጣ እንደሆነ፣ አንዱን ከፍሎ ይወጣና ኮፍያ ለውጦ ተመልሶ ይሰለፋል። በሁለት ደረሰኝ። ካሸሩ ያውቃል፤ ግን ምን አገባው?»

ዳሞን ግሌንዳን አየ። ግሌንዳ ኮቷን እያነሳች ነበር።

ካሸሩ ቨርጅል ከሱፐርማርኬቱ ጀርባ ባዶ ካርቶን ላይ ተቀምጦ ያጨሳል። ሽማግሌ ነው፤ መታወቂያውን ሲያይ ሲጋራውን እንደ ተማሪ ከኋላው ደበቀ።

«ራንዴል ፓቭሊክ ረቡዕ መጥቶ ነበር?»

«መጥቷል። ምስኪን፤ ያኔ እናቱ…»

«ከሚስቱ ጋር?»

ቨርጅል ጉሮሮውን ጠረገ። «ደረሰኝ እኮ ሁለት ነው የተቆረጠው።»

«ደረሰኝ አልጠየቅኩህም። ስንት ሰው ነበር?»

«እመቤቴ፣ ለጡረታዬ ትንሽ ነው የቀረኝ። ከአራት በላይ አሳለፍክ ብለው…»

«አንድ ሰው ሆስፒታል ውስጥ ባልሠራው ወንጀል እየሞተ ነው» አለች ግሌንዳ፤ ድምፅዋ ሳታስበው ከፍ አለ። «ለሳሙና ብለህ ነው ዝም የምትለው?»

የሽማግሌው ትከሻ ወረደ። «ብቻውን ነበር። ከፍሎ ወጣ፣ ኮፍያውን ገልብጦ መጣ። ‹እንዴት ዋልክ፣ ተዋውቀናል?› አልኩት፤ ተሳሳቅን። ሁልጊዜም እንዲያ ነው የምንለው። ማንም አልጠየቀኝም እኮ።»

መኪናው ውስጥ ዳሞን ቀበቶውን ሳያስር ወደ ሱቁ ዞሮ አየ። «የሱቁን ካሜራ ማየት ነበረብኝ» አለ። «ደረሰኝ ሳይ ልቤ ረካ።»

«የኔም ረክቶ ነበር» አለች ግሌንዳ። «ሂድና አሁን እየው።»

ካሜራው ቨርጅል ያለውን አሳየ፤ ራንዴል፣ ኮፍያው፣ ደግሞም ራንዴል። ክሪስታ የለችም።

የዶሪን ቀብር በዋለበት ቅዳሜ ራንዴል በእስር ክፍሉ ውስጥ በጀሶ የታሰረ እጁን ታቅፎ ተቀምጧል። ቀብሩ ላይ እንዲገኝ አልፈቀዱለትም። ግሌንዳ ስትገባ ቀና እንኳ አላለም።

«አፈር ለበሰች?»

«ለበሰች። አሁን አዳራሹ ውስጥ እየበሉ ነው።»

«ሌስተርስ? ሞተ በይኝ።»

ግሌንዳ የጥሪውን ቅጂ ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ከፈተችው። የሌስተር ድምፅ ነበር፤ ‹ሴትዮዋ እየሞተች ነው፣ ድረሱ› ሲል፣ ስልኩ ሲወድቅ። ግን አልተዘጋም ነበር። ከሩቅ፣ ከምድር ቤቱ በኩል ይቀጥላል። «ዶሪን፣ እኔ ነኝ። እየመጡ ነው። አትተኚ እሺ? እንቺ፣ ጃኬቴን… እንዲህ። ጋዜጣ ሙሉ አምጥቼልሻለሁ፣ የምትወጂው የቡናው ኩፖን አለበት። ዶሪን! አትተኚ ብዬሻለሁ እኮ!» ቀጥሎ የሳይረን ድምፅ ሲቀርብ፣ እግር ሲሮጥ።

ራንዴል በሕይወት ያለ እንስሳ ሲታረድ እንደሚያይ ሰው ቅጂውን አፍጥጦ አየው።

«ለምን ሸሸ ታዲያ?»

«በገደብ የተለቀቀ እስረኛ ነው፤ መኪናው ደግሞ በተሰረቀ የኩፖን ቅጠል ተሞልታለች። የፖሊስ ሳይረን ሲሰማ እግሬ አውጪኝ አለ።»

«ውሸት ነው። አንቺ ነሽ የፈበረክሽው!» ጠረጴዛውን በደኅና እጁ ደበደበው። «እሱ ነው! እሱ ነው የገደላት!»

«ራንዴል፣ ረቡዕ ስንት ጊዜ ኮፍያህን ገለበጥክ?»

እጁ አየር ላይ ቀረ። ግሌንዳ ጠበቀችው። የሰውዬው ፊት ላይ መጀመሪያ ንዴት፣ ከዚያ ግራ መጋባት፣ ከዚያ ከሁሉም የከፋው መጣ።

«ቤት ነበረች» አለ ድምፁ እየሰለለ። «ራሷን አሟት ተኝታ። ማታ እዚህ ልትጠይቀኝ መጥታ ‹ቤት መሆኔን ማንም አላየም፤ ከእናትህ ጋር በስልክ ስንጨቃጨቅ ጎረቤት ሰምቶናል። እኔን ነው የሚይዙኝ፣ ልጆቹ ያለ እናት ይቀራሉ። አብራኝ ነበረች በል› አለችኝ። ሚስቴ እኮ ናት! ምን ልበላት? ገዳዩን በዓይኔ አይቼዋለሁ ብዬ ነው። በዓይኔ…»

«ከቤታችሁ እናትህ ቤት ምን ያህል ነው?»

«አጥር ነው የሚለየን» አለ። ከዚያ ጭንቅላቱን ከግድግዳው ጋር ያጋጨው ጀመር፤ ጠባቂዎቹ ገብተው እስኪይዙት ድረስ ግድግዳው ቀልቷል።

የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ በሰውና በምግብ ሽታ ታፍኗል። ክሪስታ ጥቁር ለብሳ፣ በላዩ ሽርጥ አስራ ከትልቅ ብረት ድስት ቀይ የፓስታ ወጥ ትቀዳለች። ሰው ሁሉ እያቀፋት ያልፋል። ቀድሞ የመጣው ዳሞን ጥግ ላይ ቆሞ ሳህኑን ጨርሷል፤ ጠዋት እህል አልቀመሰም ነበር።

ግሌንዳ ክሪስታን ወደ ጓዳው ጠራቻት። በሩን ዘጋች።

«ከእማማሽ መደርደሪያ ላይ አንድ ጣሳ ይጎድላል» አለች።

«ከዚያ ሁሉ ጣሳ መሃል እንዴት አወቁ?» አለች ክሪስታ በዚያ ለስላሳ ድምፅዋ።

«ክፍተቱን ሞልተሽዋል። ቨርጅልም ራንዴል ብቻውን እንደነበረ ነግሮኛል። ራንዴልም።»

የባሏ ስም ሲጠራ ፊቷ አመድ መሰለ። ለአፍታ የምታለቅስ መሰለች። «ነገ ሱቁ ዘንድ ወስጄ አስረክብሻለሁ አለችኝ» አለች። «የልጅ ልጆቿን እናት! ለቁራጭ ወረቀት ብላ! ፋብሪካው ሲዘጋ ማነው ይህን ቤተሰብ ያቆመው? እኔ ነኝ። ቤት ቁጭ ብዬ ኩፖን አተምኩ፣ ሸጥኩ። እሷ እኮ ቅድስት ናት፤ እሷ ጋዜጣ ትቆርጣለች!»

«ሜቪስ ሌባ ተባለች።»

«ሜቪስ ትፈንዳ!» አለች ክሪስታ። «ጀርባዋን ሰጥታኝ ሳሙና መደርደር ቀጠለች። እኔ እየለመንኳት፣ ተንበርክኬ እየለመንኳት፣ ሳሙና ትደረድራለች!»

እጇ ሽርጧ ኪስ ሲገባ ግሌንዳ አየች፤ ግን ዘገየች። መቀሱ ወደ አንገቷ መጣ፤ መዳፏን ዘርግታ ስትቀበለው ጫፉ በመዳፏ ገብቶ በጀርባው ወጣ። ክሪስታ ነቅላ ደግማ ሰነዘረች፤ ትከሻዋን ቀደደው። ያች ቀጭን ሴት ከየት ያመጣችው ጉልበት እንደሆነ እግዜር ይወቀው፣ ግሌንዳን ከመደርደሪያው ጋር አላትማ በጉልበቷ ደረቷ ላይ ወጣችባት። ግሌንዳ በደም የራሰ እጇን ፊቷ ላይ አሳርፋ ዓይኗን ስትጫናት ክሪስታ ጮኸች። ሳህን ተሰበረ፣ ወንበር ተገለበጠ። ዳሞን በሩን በትከሻው በርግዶ ገባና ክሪስታን ፀጉሯን ይዞ ከወለሉ ጋር አጣበቃት።

ካቴናው ሲቆለፍ መፈራገጧን ተወች።

«ጣሳውስ?» አለች ግሌንዳ፣ እያለከለከች። «የት ጣልሽው?»

ክሪስታ ጉንጯ ወለሉ ላይ እንደተጫነ በመገረም አየቻት።

«ምኑ ይጣላል? ጎኑ ነው እንጂ የተጨረመተው፣ ውስጡ ደኅና ነበር። አጠብኩት፤ ዛሬ ወጡ ውስጥ ጨመርኩት።»

ዳሞን ካቴናውን ለቀቀና በጓዳው በር ሮጦ ወጣ። ውጭ ሲያስመልሰው ይሰማል። ባዶው ጣሳ በኋላ ከቤቷ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ተገኘ፤ ከጠርዙ ስር ውሃ ያልደረሰበት ደም ነበረው።

ሌስተር ሁፕ የነቃው በቀጣዩ ሳምንት መጨረሻ ነው። ነርሷ ስትደውል ግሌንዳ እጇ በፋሻ እንደተጠቀለለ መኪናዋን በአንድ እጅ እየነዳች ሄደች። ሰውዬው ፊቱ በስፌት ተሸፍኗል፤ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። ጥርስ በሌለው አፉ ሊናገር ሲሞክር ጆሮዋን አስጠጋች።

«ደረሱላት?» አለ።

የዚያን ቀን በደም አረፋ ውስጥ ሲደጋግመው የነበረው ቃል ይህ እንደነበር ግሌንዳ አሁን ገባት።

«ደረሱ» አለችው። «አንተ ስለደወልክ ደረሱ። እጇን ይዘዋት ነበር።»

የምትታየው ዓይኑ በደስታ ረጠበች። ጣሪያውን አየ፤ እንቅልፍ የወሰደው መስሏት ልትነሳ ስትል እንደገና ከንፈሩን አንቀሳቀሰ።

«ታዲያ» አለ፣ «ልጇ ለምን እንዲህ አደረገኝ?»

ግሌንዳ ኮቷን አወለቀች። ወንበሩን ወደ አልጋው ሳበችና ልትነግረው ተቀመጠች።